የሰው ተራ

መርካቶ ለሁሉም ነገር ተራ አላት። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፥ በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ፥ ጎማ የፈለገ ጎማ ተራ ይሄዳል፤ የተሰበረና ያረጀ ዕቃ እንኳ ምን አለሽ ተራ ገዥ አያጣም። የሰው ተራ ግን የላትም እንላለን። እውነት የላትምን? አንባቢ ሆይ፥ አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ ከተማ አውቶቡስ ተራ ሂድና ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቁም። ከክፍለ ሀገር የመጣው አውቶቡስ ሲቆም የዐሥራ አራት ወይም የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፌስታሏን አንጠልጥላ ትወርዳለች። ዓይኗ ሰው ይፈልጋል። ከፖሊሱም ከእኛም ቀድሞ አንድ ሰው ይጠጋትና «የኔ እኅት፥ የሚቀበልሽ ሰው አለ?» ይላታል። ያ ሰው ደላላ ነው።

ይህን የምንጽፈው የደላላውን ክፋት ለመዘርዘር አይደለም፤ እርሱን ሁሉም ያውቀዋል። የምንጽፈው ስለ ራሳችን ነው። እኛ ወጣቶች በሰው መነገድን ለመከላከል በስልካችን ብዙ ዘመቻ አድርገናል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር ስትጀምር በየአገሩ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በትዊተር ጩኸታቸውን አሰሙ፤ በተከታዮቹ ወራት የተመለሱት ከ160,000 በላይ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጥሉ፥ በዚያው በሊባኖስ በሚሠሩ እኅቶቻችን የተቋቋመው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር በኢንተርኔት ገንዘብ አሰባስቦ ለብዙዎች ምግብና መጠለያ ሆነ። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። በዚህ የሚያፌዝ ቢኖር አንተባበረውም።

ዳሩ ግን ስልኩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የደላላውም ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አለ ተብለው ሄደው፥ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ሰው እንዲያታልሉ ተገደዱ፤ እምቢ ያለ ይደበደብ ነበር። እነዚህ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም። እንግሊዝኛ የሚያውቁ፥ ኮምፒዩተር የሚነኩ፥ እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ብዙ ነበሩባቸው። የእኛን ዘመቻ ሳያዩ ቀርተው ይሆን? አይመስለንም። አይተውታል፤ ግን የሚፈልጉትን አላገኙበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛ «አትሂጂ» እንላለን፥ ደላላው ግን ጥያቄዋን ይመልሳል። ስንት ይፈጃል? ማን ይቀበለኛል? ደመወዙ ስንት ነው? መቼ እሄዳለሁ? ለሁሉም መልስ አለው፤ መልሱ ሐሰት ነው፥ ቢሆንም መልስ ነው። እኛ ዘንድ ያለው ግን የሻማ ሥዕልና የሚያለቅስ ፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ እንዳትላክ ደነገገ። የቪዛውን፥ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የመድኅኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ጣለ፤ ለሠራተኛዋ የቀረው እንደ ፓስፖርትና እንደ ሕክምና ምርመራ ያለው ወጪ ነው። እንግዲህ «የቪዛ ክፈይ» የሚላት ሰው ገና አፉን ሲከፍት ሕግ አፍርሷል ማለት ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ ያሰራጨን ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ የሚከፋው ነገር ደግሞ በቤታችን ያለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178 ወንጀሉ እንዲፈጸም የግድ ድንበር መሻገር አለበት አይልም። ሕፃን ልጅ ከሆነች ደግሞ ለብዝበዛ መመልመሏ ብቻ ይበቃል፤ ተታላ ወይም ተገዳ ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ታዲያ ያች ከአውቶቡስ የወረደችው ልጅ ወዴት ትሄዳለች? አንዷ ወደ ሰባተኛ፥ ሌላይቱ ውላ አድራ ወደ ዓረብ አገር፤ ብዙዎቹ ግን የሚገቡት ወደ እኛ ቤት ነው። የቤይሩትን እመቤት ፓስፖርት ቀማች ብለን በምንጽፍበት ሌሊት የእኛዋ ሠራተኛ ኩሽና ውስጥ ተኝታለች። ደመወዟ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ በእናታችን እጅ ነው። ማታ ትምህርት ቤት ልግባ ብትል ሥራ ይበደላል ትባላለች። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ፥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ካልወሰነ በቀር፥ የቤት ሠራተኛን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓታል። ስለ ሌላው አገር ሕግ መጮኻችን መልካም ነው፤ ስለዚህኛውስ ለምን ዝም አልን?

«ድህነቱና ሥራ አጥነቱ ሳይወገድ ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ሥሩ እዚያ እንደ ሆነ እኛም እናምናለን። ልጅቱ ግን ከአውቶቡሱ የምትወርደው ዛሬ ማታ ነው።

ስለዚህ ዘመቻው ከስልክ ወርዶ በእግሩ ይሂድ እንላለን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በዚሁ በመርካቶ ሠፈር የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ሴቶች አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ልኮ፥ ከአሠሪዎች ጋር ተነጋግሮ፥ የቤት ሠራተኛ ልጆች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ወጥተው ፊደል እንዲቆጥሩና ጓደኛ እንዲያገኙ አድርጓል። እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። የሕግ ተማሪዎች የአዋጆቹን ፍሬ ነገር በየቋንቋው በድምፅ ይቅዱ፤ ሙዚቃ በሚሞሪ ላይ የሚጭኑት የመርካቶ ሱቆች ከዘፈኑ ጋር እንዲጭኑልን እንለምናቸው። በክረምት ዕረፍት ከክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ከፖሊስ ጋር ተስማምተን በአውቶቡስ ተራ በር ተራ ገብተን እንቁም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ የሠራተኛችንን ደመወዝ በእጇ ማስጨበጥ፥ ወደ እናቷ ስልክ ማስደወል፥ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ እንችላለን። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ደላላው በየቀኑ በሥራ ገበታው ላይ ይገኛል፤ አንድ ቀን አይቀርም። እኛም አንቅር። ያች ልጅ ስትወርድ «የሚቀበልሽ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቃት የመጀመሪያው ሰው ከእኛ አንዱ ይሁን።