ወገቤን ብርድ መታኝ አትበሉኝ

ሰሞኑን እዚህ ጀሞ የማገኘው ሰው ሁሉ ወገቡን ይዟል። ምን ሆነህ ነው ስትሉት "ብርድ መትቶኝ" ይላል። ሌላው ደግሞ ሳይመረመር "ኩላሊቴ ነው" ብሎ ይደመድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን ነው። ይሄን ሁሉ ሕዝብ ብርድ መታው?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መምህር ነኝ። ግን እስቲ ብርዱን እንተወውና ጀሪካኑን እንየው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ስትመጣም ጉልበቷ ላይኛው ፎቅ አያደርሳትም። ስለዚህ ሌሊት ከታች ተቀድታ በደረጃ ትወጣለች፤ በአንድ እጅ፣ ወገብ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ጎንበስ እያሉ፣ እየተጠማዘዙ ከባድ ነገር ማንሳት ለወገብ ሕመም እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም እንደዚያው። ሦስቱንም በአንድ ሌሊት አገኘናቸው ማለት ነው።

ማነው የሚሸከመው? እናት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች የምንቆጣት ተማሪ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ "ስቆም ውዬ ደክሞኛል" እያልኩ ሶፋ ላይ ነበርኩ። መቆሙ ውሸት አይደለም። ጎንደር ከተማ መምህራን ላይ በተሠራ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወገባቸውን እንደሚያማቸው ተናግረዋል። ግን የእኔ መቆም የእሷን ጀሪካን አያቀለውም።

ደግሞ ሲያማት "ተኝተሽ ክረሚ" እንላታለን። ይሄም ስህተት ነው፤ አብዛኛው የወገብ ሕመም የሚሻለው ቀስ እያሉ በመንቀሳቀስ ነው። እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ ግን ወጌሻ ጋ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል!

የብሎክ ኮሚቴዎች፣ ለአጥር ቀለም ከምታዋጡን ለጋራ ታንከርና ፓምፕ አዋጡን። እስከዚያ 20 ሊትሩን ለሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከፍላችሁ በሁለት እጅ ያዙ።

አባወራዎች፣ "ትክክል ቲቸር" ብላችሁ ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት የትናንት ሌሊቱን ውሃ ማን እንዳወጣው ጻፉልኝ።