ምኞት ብቻውን ባቡር አይሠራም

በእንግሊዝ አገር የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር በጉጉት የሚጠበቅ አንድ ዜና አለ። የምርጫ ወይም የኳስ ዜና አይደለም። ሆርንቢ የተባለው ስመ ጥር የሞዴል ባቡር ድርጅት በዓመቱ ውስጥ የትኞቹን ሎኮሞቲቮች ሠርቶ ለገበያ እንደሚያቀርብ የሚያስታውቅበት ዝርዝር ነው። ጡረታ የወጣው መምህር፣ አናጺው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሁሉም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይመረምረዋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። በልጅነቱ በሠፈሩ ድልድይ ሥር እያፏጨ ያልፍ የነበረው የእንፋሎት ባቡር ዘንድሮ ተካትቶ እንደሆነ ማየት ነው። ካልተካተተም ለከርሞ ተስፋ ያደርጋል።

ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ ለሚያየው የትልልቅ ሰዎች የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ፍራንክ ሆርንቢ በሊቨርፑል በ1920 በመጠምዘዣ የሚሄዱ ባቡሮችን መሸጥ ሲጀምር በእርግጥም የልጆች መጫወቻ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ በብዛት የሚሰበሰበው ደብል ኦ የሚባለው ሞዴል የእውነተኛው 76ኛ እጅ ሲሆን፣ በእውነተኛው ባቡር ላይ አንድ ጫማ የሆነው በሞዴሉ ላይ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ሰብሳቢው በቦይለሩ ላይ ያሉትን የብረት ካስማዎች ሳይቀር ይቆጥራል። አንዷ ብትጎድል ደብዳቤ ይጽፋል። የእንግሊዝ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ጉዞ ያደረገው በነሐሴ 1968 ስለሆነ፣ ያንን ጊዜ በልጅነቱ ያየ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። በመደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጠውም መጫወቻ ሳይሆን የአገሩን አንድ ዘመን ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የተመኙትን እንዴት ያገኛሉ? ምኞት አይከለከልም፤ ነገር ግን በምኞት ብቻ አንድም ሎኮሞቲቭ ከፋብሪካ አልወጣም። ከምኞቱ በስተጀርባ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ንድፍ ነው። ሎኮሞቲቭ ይሠራ የነበረው የማንቸስተሩ ቤየር ፒኮክ ኩባንያ በ1966 ቢዘጋም ንድፎቹ አልተቃጠሉም፤ በዚያው ከተማ በሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሁለተኛው የሚለካ ብረት ነው። በዌልስ ባሪ በምትባል ከተማ ከነበረ አንድ የውዳቂ ብረት ነጋዴ ግቢ ብቻ ተራ ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ 213 ሎኮሞቲቮችን ከመቆራረጥ አድነዋል። የዛሬ ሞዴል ሠሪ ወደ እነዚህ ሄዶ በሌዘር ይለካል። ሦስተኛው የተቆጠረ ፈላጊ ነው። የብረት ቅርጽ ማውጫውን ለማዘጋጀት ብዙ አሥር ሺህ ፓውንድ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ በላይ ይፈሳል፤ ሥራውም ከሐሳብ እስከ ሱቅ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ድርጅቱ «ስንት ሰው ይገዛል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይጀምርም። ሰብሳቢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ተደራጅተው ፍላጎታቸውን ድምፅ እየሰጡ ያሳውቃሉ፤ አስቀድመው ያዛሉ።

የዚህ ጉልበት የት ድረስ እንደሚሄድ ቶርኔዶ የተባለው ሎኮሞቲቭ ምስክር ነው። ኤ ዋን የሚባሉት 49 ሎኮሞቲቮች አንድም ሳይቀር ተቆራርጠው ነበር። በ1990 ጥቂት ሰዎች «ሃምሳኛውን እንሥራ» ብለው ተነሱ። ደጋፊዎቻቸውን የጠየቁት በሳምንት የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ነበር። በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የተቀመጡትን የጥንት ንድፎች አውጥተው፣ 18 ዓመት ደክመው፣ በ2008 ሙሉ መጠን ያለውን እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር በሃዲድ ላይ አቆሙት። ባክማን የተባለው ድርጅትም ሞዴሉን ሠራለት። ንድፉ ባይቀመጥ ኖሮ ቢራው ሁሉ በከንቱ በቀረ ነበር።

በዚህ መስክ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ ደህና የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ዛሬ 200 ፓውንድና ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ገዢዎቹ እያረጁ ነው። ከ1946 ጀምሮ የቆየው ሃተንስ የተባለው የሞዴል ባቡር መደብር ሥራውን ሊያቆም መሆኑን ያስታወቀው በጥር 2024 ነበር። ቀብድ ተቀብለው ሥራውን ከዳር ሳያደርሱ የፈረሱ ድርጅቶችም አሉ። በምኞት ዓለም ውስጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ወደ ሐበሻው ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በለንደንም ሆነ በፍራንክፈርት በእንዲህ ያሉ ሱቆች መስኮት ፊት ከሚያልፉት መካከል አባቱ ወይም አያቱ በጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ያገለገለ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም። ዓፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ድሬዳዋን እንደ ከተማ የወለዳት ይህ ባቡር ነው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው። ያንን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ እያቃሰተ ሸዋ የወጣው ደግሞ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነበር።

ይህ ሎኮሞቲቭ በትልልቆቹ ሞዴል ሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ብዙ ሰው ይህን የንቀት ውጤት አድርጎ ይወስደው ይሆናል። ነገሩ ግን ንቀት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ንድፉን ይዞ የቀረበ የለም፤ ፈላጊውን የቆጠረ የለም። ያልተጠየቀ ነጋዴ ደግሞ አይወቀስም።

የሚያሳስበው ሞዴሉ አለመኖሩ ሳይሆን ሞዴሉን የሚያስችለው ነገር በየቀኑ እያለቀ መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናፍጣ የእንፋሎትን ቦታ ስለወሰደ፣ በከሰልና በውሃ ያሽከረከሩት ሰዎች አልፈዋል ማለት ይቻላል። የቀሩት ልጆቻቸውና በድሬዳዋ ወርክሾፕ ከእነርሱ እጅ ሙያ የተማሩት ናቸው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር አዲስ ሃዲድ ይዞ መጥቷል፤ አሮጌው ቀጭን ሃዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ጸጥ ካለ ዓመታት አልፈዋል። በዋሽንግተን፣ በፓሪስ ወይም በቶሮንቶ በአንድ ቤት አልበም ውስጥ ያለች ፎቶግራፍ ባለቤቷ ሲሞት ከአሮጌ ልብስ ጋር ትጣላለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

የአዛውንቶች እውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የምጽዋ–አስመራ ሃዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሽበታቸውን ይዘው መስመሩን መልሰው ዘረጉ፤ በ2003 አስመራ ገባ። የጣሊያኑ አንሳልዶ በ1930ዎቹ የሠራቸው ሎኮሞቲቮች እንደገና ጨሱ። ከአውሮፓም የባቡር አፍቃሪ ሁሉ ሊያያቸው ጎረፈ። እነዚያ ሽማግሌዎች አሥር ዓመት ዘግይተው ቢጠሩ ኖሮ ማን ይሠራው ነበር?

«አገር በረሃብና በጦርነት እየታመሰ ስለ ትንሽ ባቡር ይወራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንጀራ የሚቀድም መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም ለአንድ ሽማግሌ ሁለት ጥያቄ ማቅረብና አንዲት ፎቶግራፍ ማባዛት ከማንም አፍ እንጀራ አይነጥቅም። በስደት ተወልዶ ያደገው ልጅም አያቱ ስደተኛ ብቻ ሳይሆን የባለሙያ ልጅ መሆኑን በእጁ ዳስሶ የሚያውቅበት ነገር ያስፈልገዋል።

ሥራውም የሚያስፈራ አይደለም። የጅቡቲው መስመር የሃዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ኤች ኦ በሚባለው፣ የእውነተኛው 87ኛ እጅ በሆነው መጠን፣ ይህ በ12 ሚሊሜትር ሃዲድ ይወከላል። ይህ ሃዲድ ደግሞ ለስዊዘርላንድ ተራራማ መስመሮች ሞዴል ተብሎ በየሱቁ ይሸጣል፤ በዚያው ስፋት የተዘጋጀ ሞተርና ጎማም አለ። የሚቀረው አካሉ ነው። አካሉን ዛሬ በስሪ ዲ ፕሪንተር በጥቂት ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ መቶ ሺህ ፓውንድ አይጠይቅም። በፎቶግራፍ ላይም ቢሆን የአንድ ነገር ትክክለኛ ልክ ከታወቀ የሌላው ልክ በስሌት ይወጣል። ከፊት ለፊት የተነሳች ፎቶግራፍ የሃዲዱን አንድ ሜትር ካሳየች የሎኮሞቲቩን ወርድና ቁመት ትናገራለች፤ ከጎን የተነሳች ከሆነች ደግሞ ርዝመቱን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከታወቀ መንገዱ ክፍት ነው። በቅድሚያ የማኅበረሰብ ማዕከላት ፎቶግራፍና የሠራተኛ ደብተር ያላቸውን ቤተሰቦች ጠርተው ቅጂ ይሰብስቡ፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ። ቀጥሎ አዛውንቶቹ በቴፕ ይቀረጹ፦ ሎኮሞቲቩ ምን ቀለም ነበረው? ቁጥሩ የት ላይ ተጽፎ ነበር? ውሃ የት የት ይሞላ ነበር? ፈረንሳይኛ የሚችሉት ደግሞ የኩባንያውን ወረቀቶች በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ያፈላልጉ። ንድፍ በእጅ ሳይገባ ከማንም ሰው አንድ ዶላር መዋጮ አይሰብሰብ። በቀብድ ጉዳይ የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች የቀመሱትን ምሬት መድገም አያስፈልግም። ንድፉ ከተገኘ ግን ሃምሳ ፈላጊ ለመነሻ ይበቃል።

ሞዴሉ ባይሠራ እንኳ ፎቶግራፎቹና ድምፁ ይቀራሉ። ከተሠራ ደግሞ አንድ ቀን በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከጀበናው ጎን፣ ለገሃር የገባው ባቡር ይቆማል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ እርምጃ በዚህ ሳምንት አንድ አልበም መክፈት ነው።