ኧረ ስለ ወገባችን! ሞላ ቆራጮችና ባሌስትራ ደራቢዎች

በአገራችን መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ግፍ ይፈጸማል። አንዱ ሞላውን ይቆርጥበታል፤ ሌላው ባሌስትራ ይደርብበታል። ቆራጩ «ኮሮላዬ መሬት ልሳ ስፖርት መኪና ትምሰልልኝ» ባይ ጎረምሳ ነው። ደራቢው ደግሞ 12 ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ሚኒባስ 20 ሰውና አምስት ኩንታል ድንች ይሸከምልኝ ባይ ባለንብረት ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ይናናቃሉ። አንደኛው «ስግብግብ» ሲል ሌላው «ዱርዬ» ይለዋል። እኛ ግን ሁለቱን ባንድ መዝገብ ከሰን አንድ ችሎት ፊት ልናቆማቸው ነው። ክሱ አንድ ነዋ! መኪናው መንገድ እንዲይዝና ሰው እንዲያመቸው የተሰጠውን እግር አሳጥተውታል።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ካለ ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ ይሂድ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሌስትራ በተደረበበት ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሂዳትና ሲወርድ ወገቡን ይጠይቅ። ከአይሱዙ ሻንሲ ላይ ቦዲ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን አውቶቡስ ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» ብሎታል። ስሙ የወጣው ለቆርቆሮው ነበር፤ የሚቀጠቀጠው ግን ተሳፋሪው ሆኖ ተገኘ!

መሐንዲስ ቢጠፋ ፈረሰኛ ጠይቁ

አዊ ውስጥ ይህን ነገር ለማስረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያሻም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። እዚያ የተገኘ ሰው ከጌጡና ከግላሱ ዓይኑን አንስቶ የፈረሰኛውን ጉልበት ይመልከት። ፈረሱ ሲጋልብ ሰውዬው እግሩን እንደ ችካል አያደርቀውም። እርካቡ ላይ ብድግ ብሎ ጉልበቱን አጠፍ፣ ላላ ያደርጋል። ከታች ፈረሱ ይዘላል፤ ከላይ የፈረሰኛው ራስ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። እግሩን ያደረቀ ሰው ከኮርቻው ይወረወራል። ጉልበቱን ጨርሶ የለቀቀውም እንደ ከረጢት ይንገላታል። ሙያው ማላላትንና መያዝን አንድ ላይ ማስኬድ ነው።

መኪናም ያው ነው። ማላላቱ የሞላና የባሌስትራ ሥራ ነው፤ ክብደቱን ተሸክመው ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እንዲወርድ፣ ጉብታ ሲመታ እንዲወጣ ያደርጋሉ። መያዙ ደግሞ የሾክ አብዞርበር ነው። ሾክ ክብደት አይሸከምም። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ የሞላውን ዝላይ ይበላዋል፣ ያበርደዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ! ምቾት የሚባለውና መንገድ መያዝ የሚባለው ነገር ሁለት ባላንጣዎች አይደሉም። ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ሲከተል መሪውም ይታዘዛል፣ ፍሬኑም ይይዛል፣ ወገብም ይተርፋል። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ግን ሦስቱም ባንዴ ይጠፋሉ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ሞላ ሲቆረጥ የሚቀንሰው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ይደርቃል። የሚሠራው ዙር 6 ከሆነና አንዱ ከተቆረጠ ሞላው 20 በመቶ ይጠነክራል። ሁለት ከተቆረጠ ደግሞ 50 በመቶ። ሾኩ ግን ለድሮው ሞላ የተሠራው ያው ሾክ ነው፤ አዲሱን ጉልበት የሚገታበት አቅም የለውም። በዚያ ላይ ጎማው የሚወርድበትና የሚወጣበት ቦታ አጠረ። ስለዚህ ኮብልስቶኑ ላይ እየደጋገመ መጨረሻው ላስቲክ ጋ ይደርስና ጓ! ይላል። ይባስ ብሎም የተቆረጠ ሞላ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ይህ በመታጠፊያ ላይ ቢሆንስ?

«ዝቅ ያለ መኪና መሬት ይይዛል» የሚሉን አሉ። ውሸት አልተናገሩም፤ ግማሹን ነው የነገሩን። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ መኪና በመታጠፊያ ላይ ብዙ አያጋድልም። ይህ ግን እንደ መስታወት በለሰለሰ የእሽቅድምድም መንገድ ላይ ነው። እንጅባራ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር የዘለለ ዝናባም አገር ናት። አስፓልቱ ርጥብ፣ ጉድጓዱ ውኃ የሞላበት ሲሆን የደረቀ መኪና መሬት አይይዝም፤ ይዘላል እንጂ።

ደራቢውም ከዚህ አያመልጥም። አምስት እኩል ባሌስትራ ላይ አንድ ተመሳሳይ ሲጨመር እንዲሁ ወደ 20 በመቶ ይደርቃል። «ካልደረብኩ ይሰበራል» ይላል ባለንብረቱ። ለምን ይሰበራል? ከልክ በላይ ስለተጫነና ሾኩ ስለሞተ! ባሌስትራ ሲደረብ ፍሬኑ አልተደረበም። አክሰሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው አልተደረበም። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል እስከ አፉ ሞልቶ የሚወርደው አይሱዙ አባይ በረሃን ሲቆለቆል የሚያድነው ፍሬኑ ነው ወይስ የተደረበው ባሌስትራ? መኪናው ባዶ ሲመለስ ደግሞ የኋላው ጎማ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ነው የሚመጣው። ርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን የተረገጠ ዕለት ታሪኩ ያልቃል።

ከፈረንጅም ብንማር

ፈረንጆቹ ይህን ያወቁት ገና ድሮ ነው። የሲትሮኤን ኃላፊ የነበረው ፒየር ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ ያዘዘው መኪና ገበሬዎችን ከ50 ኪሎ ድንች ጋር የሚጭን፣ በታረሰ ማሳ ላይ እንቁላል በቅርጫት ይዞ ሲያልፍ እንቁላሉን የማይሰብር ነበር። ያ መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየው ሲትሮኤን 2ሲቪ ነው። ርካሽ መኪና ነበር፣ ለድሃ የተሠራ! ድንቹ አዊም አለ፣ የታረሰው ማሳም አለ፤ እንቁላሉ ነው የማይተርፈው።

«ያ የገበሬ መኪና ነው፣ እኛ የምናወራው ስለ ስፖርት ነው» ለሚል ደግሞ እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን አለለት። እሽቅድምድም ኑሮው የነበረው ይህ ሰው በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሎተስ ኢላን በመታጠፊያ ላይ የሚስተካከለው ጠፍቶ ነበር። ምሥጢሩ ቀላል መኪና፣ ለስላሳ ሞላና በልኩ የሚይዝ ሾክ ነው። አሁንም አልዋጥ ያለው ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ይመልከት። የሳፋሪ ራሊን ፔጆ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል፤ ፔጆ 504 ደግሞ በ1975ና በ1978። ጭቃና ጉድጓድ የሞላበትን መንገድ ያሸነፉት ፔጆዎች የተወለዱት በመለስላስ ከሚታወቁ የቤተሰብ መኪኖች ነው።

የእኛ አገር ወጣት ልቡን የሰጣት ዲኤክስም ብትሆን ዘሯ መጥፎ አይደለም። ከኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ቀላል፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያላት ኮሮላ ነች። ቶዮታ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛው ኤኢ86 የሥጋ ዘመዷ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለችውን መኪና በመጋዝ ማሳመር ምን ይሉታል?

ኪሱ ለሳሳ ሰው

እንግዲህ ትችት ብቻ አይሁንብን። ገንዘብ የሌለው ሰው ከየት ይጀምር?

አንደኛ፣ ነፋስ። ሳንቲም አያስወጣም። የጎማው ልክ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተጽፏል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ነው። «ጠንከር ይበል» እየተባለ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ራሱ ድንጋይ ነው፤ መሬት የሚነካውም በመሐሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የላስቲክ ቡሾችና ቴስቲና። ከሾክ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው። መሪው ሲዋልል፣ መኪናው ኮብልስቶን ላይ ሲንኳኳ ብዙ ሰው ሾክ ይረግማል፤ ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ቡሽ ወይም የላላ ቴስቲና ነው። የስታቢላይዘር ላስቲኮችም አይረሱ። መኪናው በመታጠፊያ እንዳያጋድል የሚይዘው እሱ ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ምቾት ብዙም አይነካም።

ሦስተኛ፣ ሾክ። የመኪናውን አንድ ማዕዘን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ። አንዴ ተነስቶ ከተረጋጋ ደህና ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከዘለለ ሞቷል። ገላው ላይ ዘይት ካዠም አልቆለታል። ጎማው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላም ጠርጥሩ። ሲቀየር በጥንድ ነው፣ ግራና ቀኝ አንድ ላይ። ሰልባጅ ሾክ መግዛት ግን ዕድሜውን ሌላ ሰው የበላውን ዕቃ መግዛት ነው።

አራተኛ፣ ጎማና ቸርኬ። ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ለፎቶ ያምራል። ጉድጓድ ሲገባ ግን በመሬቱና በቸርኬው መካከል ያለው ትራስ ያ ጎማ ብቻ ነው። ፋብሪካው በወሰነው ልክ መቆየት ይሻላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዊል አላይመንት ማሠራት። መኪናው አሁንም አጋደለ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ለዚያው ሞዴል የሚሆን ወፈር ያለ ስታቢላይዘር ይፈለግ። መጋዝ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም!

መንግሥትስ?

ባለመኪናው ብቻውን አይወቀስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ዘለለ። ውጤቱን ሶማሌ ተራ ሄዶ የሾክ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። ለአዊ ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በገባበት ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃው 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ይቀራል።

ባጭሩ አዲስ መኪና እንዳንገዛ ተደረገ። መልካም! እንግዲያው ያለውን እንድንጠግን ይፈቀድልን። ጎማ፣ ሾክ፣ የፍሬን ሸራ የሕይወት ዕቃ ናቸው። እንደ ሽቶ ሊቀረጡ አይገባም። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራውም ሞላ የተቆረጠበትንና ባሌስትራ የተደረበበትን መኪና ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ይይ። ሾኩን ይጫን፤ የሞተ ከሆነ ቦሎ ይከልክል። ሾፌሩን በየኬላው ማስቆምና መቅጣት ቀላል ነው። ባለንብረቱን «ለምን ደረብክ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚደፍር ያስፈልጋል። አለዚያ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ተሳፋሪውም አፍ አለው። 20ኛ ሆኖ ሲሳፈር «ግድ የለም፣ ጠጋ በሉ» የሚለው እኮ ራሱ ነው! ከመሳፈሩ በፊት የኋላውን ባሌስትራ አንዴ ቢያይ ምን ይጎዳዋል?

ወጣቱም እንግዲህ እውነተኛ ስፖርት መኪና ካማረው መጋዙን ለአናጢ ይመልስና በቡሽና በሾክ ይጀምር። ባለሚኒባሱም የደረበውን ያውርድ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።