ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃል

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ተረታችን። ተረት ብዙ ጊዜ የአበው ጥበብ ነው፤ አንዳንዴ ግን የአበው ስንፍና ይሆናል። ይህኛው ከሁለተኛው ወገን ነው ብዬ ልሟገት ተነሥቻለሁ፤ ማስረጃዬም ሲኒማችን ነው።

በአማርኛ ፊልሞቻችን ቀልድ ሞልቷል። ቀልዱ ግን የፍቅረኞች፣ የባለትዳሮችና የሠርግ ነው። ልጅ ከታየ ወይ ወላጁ ሞቶበት እንድናለቅስለት፣ ወይ ከዕድሜው በላይ በስሎ እንዲመክረን ነው። ሰፈር የሚያምሰው፣ ከጎረቤት ግቢ ኮክ የሚሰርቀው፣ ጓደኛውን ላለማጋለጥ ኩርኩም የሚቀበለው ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ ማየት ብርቅ ነው።

«ገንዘብ የለም» ይሉኛል። በኢራን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ የሕፃናትና የወጣቶች አእምሮ ማበልጸጊያ ተቋም ነበር፤ ዛሬም አለ። አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» የተባለውን ፊልም የሠራው በእርሱ ሥር ነው። ታሪኩ አንድ ደብተር ነው። አሕመድ የጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ ይሄዳል፤ ደብተሩ ካልተመለሰ ጓደኛው ከትምህርት ቤት ይባረራል። ስለዚህ የእናቱን ትእዛዝ ጥሶ ወደ ጎረቤት መንደር ይሮጣል፤ ቤቱን ቢያጣው የጓደኛውን የቤት ሥራ ራሱ ይሠራለታል። እናቱን አልታዘዘም፤ መምህሩንም አታሏል፤ ግን ከእርሱ የበለጠ ታማኝ ማን ነው? ይህን ለመሥራት ያስፈለገው ከገንዘብ ይልቅ ለልጅ ክብር መስጠት ነው።

«የልጆች ፊልም ማስተማር አለበት» የሚሉም አሉ። እኔ በባንክ መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። ወላጆች ለልጆቻቸው የቁጠባ ሒሳብ ሲከፍቱ ደብተሩን በደስታ እሞላለሁ። ልጁ ራሱ ግን ወለዱ በነገ የሚታሰብለት ተቀማጭ አይደለም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሏቸው ነበር። እኛ የያዝነው ፍሬውን ብቻ ነው። እርሳቸው ግን ተዋናይት ባልነበረበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ የወጡ፣ ልጆችን እያሳቁ ያሳደጉ ሰው ነበሩ፤ አበባውንም አይተዋል።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉ ይከብዳል፤ «በዚህ ዘመን ሳቅ ቅንጦት ነው» የሚለው። የምኖረው አምቦ ነው። የከተማዋ ስም ሲነሣ ለሩቁ ሰው ትዝ የሚለው የማዕድን ውኃዋ ነው፤ አለዚያም ወጣቶች የተገደሉበት የሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞ። ያ መዘንጋት የለበትም። ይሁን እንጂ በሁሉቃ ወንዝ ተደብቀው የሚዋኙ፣ በኦሮምኛ ተሰዳድበው በአማርኛ የሚታረቁ ልጆችም አሉን። እነርሱን የማያሳይ ሲኒማ ሐዘናችንን እንጂ ያዘንንለትን ሕይወት አያውቅም። እንዲህ ያለው ፊልም ሁለቱንም ቋንቋ ሳያፍር መናገር ይኖርበታል፤ ልጆቹ የሚጫወቱት በሁለቱም ነውና።

ተረቱንማ አምቦ ራሷ አፍርሳዋለች። ከአጠገቧ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለ ተውኔት የጻፈው ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀምጠው አይተውታል። ልጅ ያቦካው ለቤተ መንግሥት ከበቃ፣ ለእኛ እራት እንዴት ያንሳል?

እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ውስጥም ኤፍሬም የተባለው ልጅ ምግብ ማብሰል በመቻሉ አጎቱ ይነቅፈዋል፤ እርሱ ግን ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ያወጣል። ያ ፊልም እንባ የሚበዛበት ነው። መንገዱን ግን ከፍቷል፤ የቀረን ሳቁ ነው።

እናም የፊልም ሰዎች ሆይ፣ ልጆቹን ለምክር አትጥሯቸው። ካሜራውን ወደ ሰፈር አውጡትና ሲያጠፉ፣ ሲዋሹ፣ ሲጣሉና አንዱ ለሌላው ሲቀጣ ቅረጿቸው። ጓደኝነትን የተማርነው እዚያ ነው፤ ከጠፋብንም መጀመሪያ የምንፈልገው እዚያ ነው።