ቦይለሩ ራሱን ሲያጠፋ

በዚህ እትም መታጠቢያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ቦይለር እንነጋገራለን። “ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጉዳይ ነው እንጂ እኛን ምን ያገባናል?” ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ውሃ የሚታጠቡት ልጆቻችን ናቸው፤ ቦይለሩ ሲበላሽም መጀመሪያ የምናየው ባለሙያው ሳይሆን እኛ ነን።

እሑድ ማለዳ ነው እንበል። ቤተሰቡ በሙሉ ታጥቦ ለመውጣት ይጣደፋል፤ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። ባል “ትናንት ቁልፉን ተጭኜ አስነስቼው ነበርኮ!” ይላል። ሚስት ደግሞ “በዚህ ሳምንት ስትጫነው ሦስተኛህ ነው” ትላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ስለ ቦይለር መሆኑ ቀርቶ “አንተ” እና “አንቺ” መባባል ይሆናል። ለመሆኑ ያ ቁልፍ ምንድን ነው? ለምንስ ደጋግሞ ይዘላል?

ሦስት ጠባቂዎች

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦይለር ሦስት ጠባቂዎች አሉት። የመጀመሪያው ቴርሞስታት ነው። ውሃው እኛ በመረጥነው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ያገናኛል። ሁለተኛው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። ይህኛው በአብዛኞቹ ቦይለሮች በራሱ አይመለስም፤ ሰው ትንሿን ቁልፍ ተጭኖ ሊመልሰው ይገባል። ሦስተኛው በቀዝቃዛ ውሃ መግቢያው ላይ የሚገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ውሃ እያፈሰሰ ጋኑን ያስተነፍሰዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሁለተኛው ጠባቂ ሥራ የሚጀምረው አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁልፏን መጫን ጥገና አይደለም፤ “አደጋ አለ” ብሎ የጮኸውን ጠባቂ አፉን መዝጋት ነው። ሁለተኛው ጠባቂ እምቢ ቢል፣ ሦስተኛውም ተደፍኖ ቢሆን፣ በጋኑ ውስጥ የታፈነው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጋኑ የተቀደደ ዕለት የዚያ ውሃ ከፊሉ ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 ጊዜ በላይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው።

ምልክቱን ካያችሁ

ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ ከእንፋሎት ጋር እየፈላ ከወጣ ቸል አትበሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ከቧንቧው አፍ እየፈላ የሚወጣ ውሃ ቴርሞስታቱ ማቆም ከነበረበት እጅግ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ጋኑ ውስጥ የመንተክተክ ድምፅ መሰማቱ፣ ሴፍቲ ቫልቩም ያለማቋረጥ ትኩስ ውሃ ማፍሰሱ እንዲሁ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው።

በዚህ ጊዜ የምታደርጉት ይህን ብቻ ነው። በመጀመሪያ የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ። ሁለተኛ፣ ልጆችን ከመታጠቢያ ቤቱ አስወጡ። ሦስተኛ፣ ሙቅ ውሃውን “ላስተንፍሰው” ብላችሁ ለመክፈት አትቸኩሉ፤ ለብዙ ሰዓት በራሱ ይቀዝቅዝ። ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን መንካት የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ እርሱም ቢሆን ኤሌክትሪኩ መቋረጡን በመሣሪያ ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባም።

ለባለሙያው የምትነግሩት

ባለሙያው ሲመጣ “ተበላሽቷል” ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን ብትነግሩት ድካሙንም ገንዘባችሁንም ይቆጥባል።

1ኛ. ከመጥፋቱ በፊት ውሃው እንዴት ነበር? እጅግ የሚፋጅ ከነበረ የሚጠረጠረው ቴርሞስታቱ ነው። የውስጡ መገናኛ ተጣብቆ ሲቀር ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ አይችልም። መድኃኒቱም በአዲስ መለወጥ ነው። ውሃው ገና ለብ ሳይል ከጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በማሞቂያው ሽቦ ላይ በተጋገረው ነጭ ዝቃጭ ነው። ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ማለቴ ነው። ዝቃጩ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይሄድ ስለሚያግደው ሽቦው አካባቢ ብቻ ይግላል፤ መከላከያውም ያንን አይቶ ይቆርጣል። በዚህ ጊዜ ቴርሞስታት መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጋኑ ተከፍቶ መጠረግ አለበት።

2ኛ. ውሃ ጠፍቶ ነበር? ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቦይለሩ ሙቅ ውሃ የሚሰጠው ከላይኛው የጋኑ ክፍል ስለሆነ፣ ውሃ ቢሄድም ጋኑ ሞልቶ መቆየት ይገባዋል። ነገር ግን ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ክፍል ካረጀ ወይም ከመጀመሪያው ካልተገጠመ፣ በታችኛው ቧንቧ በኩል ጋኑ ይራቆታል። ያኔ ሽቦው በባዶው ይግላል፤ መከላከያው ቢቆርጠውም ሽቦው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ውሃ ሲሄድ ብሬከሩን አጥፉ። ሲመለስም ሙቅ ውሃውን ከፍታችሁ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን ሳታዩ አታብሩ።

3ኛ. ስንት ጊዜ ዘለለ? ቀኑን በወረቀት ጻፉት። አንድ ጊዜ የዘለለና በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚዘልል አንድ አይደሉም።

ሴፍቲ ቫልቩን አትድፈኑት

“ወለሉን አበላሸ” ተብሎ ሴፍቲ ቫልቩን በቡሽ ወይም በፕላስቲክ የሚደፍኑ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ትንሽ ማንጠባጠቡ እንግዲህ ጤንነት ነው። በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሹ ምሩት፤ የቱቦው አፍ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም የሚፈስ ከሆነ ቫልቩ ቆሽሿል፣ አርጅቷል፣ ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ባለሙያ ይየው።

ሙቀቱ ስንት ይሁን?

60 ዲግሪ ገደማ መልካም ነው። “ለልጆች እንዳይፋጅ” ብሎ እጅግ ዝቅ ማድረግም ችግር አለው፤ ለብ ብሎ በተቀመጠ ውሃ ውስጥ ሳንባን የሚያሳምም ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል። ነገር ግን 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። 70 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። ስለዚህ በገንዳው ወይም በሳፋው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ቅዱ፣ ከዚያ ሙቁን ጨምሩ፤ በክንዳችሁ ሳትፈትኑ ልጅ አታስገቡ።

ልጅ ከተቃጠለ የነካውን ልብስ ፈጥናችሁ አውልቁ፤ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት፤ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ዱቄት አይቀባም። በረዶም አይደረግም። ውሃ በሚጠፋበት ቤት አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይቀመጥ፤ በዚያች ሰዓት ከጎረቤት ለመቅዳት ጊዜ የለምና።

በቤታችሁ ዛሬ

ባልና ሚስት ዛሬ ማታ አብራችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱና የቦይለሩ ብሬከር የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ በላዩም “ቦይለር” ብላችሁ ጻፉበት። ብዙ ቤት ይህን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቀን ቀን ቤት የለም። ቀን የሚውሉት እናት፣ ልጆችና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ሠራተኛችሁን እጇን ይዛችሁ አሳዩአት፤ “እንፋሎት ካየሽ ማንንም ሳትጠይቂ አጥፊ፤ ማንም አይቆጣሽም” በሏት። ይህ የመጨረሻው ቃል አስፈላጊ ነው፤ ቁጣ የምትፈራ ልጅ ስትጠብቅ ጊዜው ያልፋልና።

የኧርዝ መስመሩ በትክክል መገናኘቱንም አስፈትሹ። እርጥብ ሰው ከቦይለር በሚወርድ ውሃ ሥር የሚቆም ስለሆነ፣ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ጋኑ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይጠረግ፤ በዚያው ጊዜ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ ይታይ፤ አልቆ ከሆነም ይለወጥ። ተከራዮች ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ እስኪጠገን ድረስም ብሬከሩ ጠፍቶ ይቆይ።

በምድጃ ላይ በድስት የተጣደ ውሃ ለጥቂት ሳምንታት ቢያስቸግር ነው። ድስቱን ግን ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ። በሚቀጥለው እሑድ ቦይለሩ ራሱን አጥፍቶ ብታገኙት “ማን አጠፋው?” አትባባሉ። “ምን አይቶ ጠፋ?” ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ።