መጽሐፉስ የት አለ?

ለጀማሪ ደራሲያን ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች አሁን አሁን አንድ ምክር ከአፋቸው አይጠፋም፦ አንባቢ የሚገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የደራሲውን ታሪክ ነውና አስቀድሞ ድረ ገጽ ይከፈት፣ የሕይወት ታሪክም በ«ስቶሪቴሊንግ» ይቀመር። ምክሩ ሰሚ አላጣም። ከእነዚህ ድረ ገጾች አንዱን የከፈተ ሰው አድማስ አድማሱን የሚያይ ፎቶ፣ በልጅነት በኩራዝ የተነበበ መጽሐፍ፣ የከሸፈ ፍቅርና በብዕር የዳነ ነፍስ ያገኛል። ከልብ ወለዱ ግን አንዲት አንቀጽ አያገኝም። ለነገሩ ገና ያልተጻፈም ይኖራል። አሠልጣኞቹም ቢሆኑ ስለ ደራሲነት ያን ያህል ሲያወሩ የራሳቸውን መጽሐፍ ርዕስ ሲጠሩ እምብዛም አይሰሙም።

የሚሸጠው ታሪክ ከሆነ ከሐዲስ ዓለማየሁ የበለጠ ባለታሪክ ማን ነበር? ጣሊያንን ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ዓመታት በጣሊያን ታስረው፣ በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ለአንባቢ ያቀረቡት ግን ራሳቸውን ሳይሆን በዛብህንና ሰብለወንጌልን ነው። የጦርነቱንና የእስሩን ዘመን የተረኩበት «ትዝታ» የታተመው ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ አድማጭን አፍ ያስከፈተው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ራሱን እየተረከ ነው እንጂ የደራሲውን ገድል እየዘከረ አይደለም። «ኦሮማይ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያገነነው የደራሲው የበዓሉ ግርማ ዕጣ ነው የሚል ተሟጋች አይጠፋም፤ እሱ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ታገደ፤ በ1976 የደራሲው ደብዛ ጠፋ። ደርግን ያስቆጣው በገጾቹ ላይ የሰፈረው ነው፤ ደራሲውንም ለዚያ ዕጣ የዳረገው መጽሐፉ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ዘመኑ የኢንተርኔት ነው ለሚል ደግሞ ጣሊያናዊቷ ደራሲ ኤሌና ፌራንቴ አለችለት። ፊቷን ሳታሳይ፣ በብዕር ስም ብቻ፣ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመቻቸው አራቱ የኔፕልስ ልብ ወለዶች ዓለምን አዳርሰዋል።

ድረ ገጽ አይከፈት አላልኩም። ዋሺንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ መጽሐፉን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው ምዕራፍ እንዳለ ይቀመጥበት፤ ዋጋውና የሚሸጥበት ቦታ ይጻፍበት፤ በቃ። ምዕራፉ ያልሳበውን አንባቢ የደራሲው የልጅነት ኩራዝ አይመልሰውም። ጀማሪው ደራሲ ሆይ፣ ለሥልጠናው ያሰብከውን ብር ለጥሩ አርታዒ ክፈልበት።