ሺህ የፈረስ ጉልበት በመዳፍ በምታክል ጎማ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2016፣ ሞንዛ። ቀይ መብራቶቹ ጠፉ። ከሁሉም ፊት ቆሞ የነበረው ሌዊስ ሀሚልተን ግን የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩበትና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲደርስ ስድስተኛ ሆኖ ነበር። ሩጫውን በሁለተኝነት ጨረሰ፤ አሸናፊው የቡድን ጓደኛው ኒኮ ሮዝበርግ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ ሱዙካ ላይም ያው ታሪክ ተደገመ፤ ሁለተኛ ሆኖ የተነሳው ሀሚልተን ወደ ስምንተኛ ወርዶ፣ ብዙ ታግሎ፣ ሶስተኛ ወጣ። የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ ሮዝበርግ 385፣ ሀሚልተን 380። አምስት ነጥብ! ማሌዥያ ላይ ሞተሩ ባይቃጠል ኖሮ የሚሉ አሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ አንደኛንና ሁለተኛን የሚለያየው 7 ነጥብ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ሞንዛ ላይ የጠፋችው ቅጽበት ምን ያህል እንደተወደደች ይገባዋል።

ሀሚልተን እንኳ፣ ያውም የውድድር ጎማ አስሮ፣ የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች ከጀርባው ቆመው እንዲህ ከሆነ፣ ከመደብር የገዛትን ስፖርት መኪና በተራ የመንገድ ጎማ የሚያስነሳው ሰው ምን ይሁን? ጥያቄው ዛሬ የቀልድ አይደለም። የስፖርት መኪና አምራቾች ላለፉት ጥቂት ዓመታት የተጣዱበት ፉክክር ይኸው ነው፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመድረስ ስንት ሰከንድ? ድሮ ከ4 ሰከንድ በታች የገባ መኪና ጉድ ይባል ነበር። አሁን ከ2 ሰከንድ በታች የሚል ማስታወቂያ እየተለመደ መጥቷል። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው፤ ስራውን የሚሰራው ግን ጎማው ነው።

ነገሩ በቀላል ሂሳብ ይታያል። ጎማ አስፋልቱን ገፍቶ መኪናውን የሚያስኬደው በላዩ ላይ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ጥሩ የሚባል የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ በግርድፉ ሲታይ፣ የተሸከመውን ክብደት ያህል ኃይል መግፋት ይችላል እንበል። አራቱም እግሮች የሚጎትቱ ከሆኑና ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው እንኳ፣ 60 ማይል ለመድረስ 2.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በታች አይወርድም! 500 ፈረስ ላይ ሌላ 500 ቢጨመር ትርፉ ጭስ ነው። የኋላ እግሮች ብቻ የሚጎትቱ ከሆነ ደግሞ የፊቱ ክብደት ለመነሳት የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ሰዓቱ ከዚያም ይረዝማል። ፖርሽ 911 በአነሳስ ለዓመታት የተመሰገነው ሞተሩ ከኋላ እግሮች በስተጀርባ ተጭኖ ጎማዎቹን አስፋልቱ ላይ ስለሚያጣብቃቸው ነው።

ታዲያ 1.98 ሰከንድ፣ 1.66 ሰከንድ የሚሉት ቁጥሮች ከየት መጡ?

ሰዓቱ መቼ ነው የሚጀምረው?

የመጀመሪያው መልስ ሰዓቱ ላይ ነው። አሜሪካኖች የቀጥታ መስመር ውድድር (ድራግ ሬስ) ባህላቸውን ተከትለው ሰዓቱን የሚያስነሱት መኪናው ሲንቀሳቀስ ሳይሆን አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው በጣም የሚያዘግመው በዚያች ቁራጭ መንገድ ላይ ስለሆነ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበላል። ሩብ ሰከንድ ከ2 ሰከንድ ላይ! በቫር መስመር ስለ አንድ ብብት ኦፍሳይድ ሳምንት ሙሉ የሚከራከረው የእግር ኳስ ተመልካች እዚህ 30 ሴንቲ ሜትር በነጻ እንደሚታደል ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ሁለተኛው መልስ ሜዳው ላይ ነው። የድራግ ሬስ መነሻ እንደ ተራ አስፋልት አይደለም። ሙጫ መሰል ፈሳሽ ይረጭበታል፣ ጎማ ይታሸበታል፤ የሚራመድበት ሰው ጫማው እየተጣበቀ ያስቸግረዋል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞዴል ኤስ ፕላይድን ሲያወጣ 1.99 ሰከንድ አለ። ሞተር ትሬንድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በዚያው ዓመት ሞክሮ በተረጨው ሜዳ 1.98፣ ባልተረጨው አስፋልት ላይ ደግሞ 2.07 አገኘ፤ ሁለቱም ያቺን 30 ሴንቲ ሜትር ሳይቆጥሩ ነው። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ መኪናዋ ጉደኛ መሆኗን አያስክድም። እንዲያውም መጽሔቱ ሁለቱንም ቁጥር ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ክርክሩ ባልኖረ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የጎማውን መንሸራተት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየለካ ጉልበቱን ስለሚመጥን ሾፌሩ የሚያበላሸው ነገር ትንሽ ነው። ፕላይድ ለመነሳት ስትዘጋጅ ፊቷን ዝቅ አድርጋ እንደ አቦሸማኔ ታደባለች፤ ኩባንያውም ስሙን ከዚያው እንስሳ ወስዶታል።

ጎማውን መጀመሪያ የመረጠው ኩባንያ

ሶስተኛውና ዋናው መልስ ራሱ ጎማው ነው። ይህን ከማንም በላይ በግልጽ ያሳየው ዶጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዴሉ ቻሌንጀር ዴመን ከፋብሪካ ሲወጣ ድራግ ራዲያል የሚባለውን ጎማ አስሮ ነበር። ይህ ጎማ ለመንገድ የተፈቀደ ነው፤ ሰሌዳ ለጥፎ ዳቦ ለመግዛት ይኬድበታል። ግን ላስቲኩ ለስላሳ፣ ጥርሱ ጥቂት፣ ጎኑ ደግሞ ተጣጣፊ ነው። መኪናው ሲነሳ የጎማው ጎን እንደ ጨርቅ ይጨማደድና የመጀመሪያውን ምት ውጦ አስፋልቱን በሰፊው ይይዛል። በ2023ቱ ዴመን 170 ላይ ኩባንያው ከዚህም አልፎ የኋላውን ቸርኬ ከ18 ኢንች ወደ 17 አሳነሰው። ሌላው ዓለም ባለ 20 እና 21 ኢንች ቸርኬ ለማሳመሪያ ሲያስር፣ 1025 የፈረስ ጉልበት የያዘ መኪና ትንሽ ቸርኬ አሰረ! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቸርኬው ሲያንስ የላስቲኩ ጎን ይረዝማል፣ ጎኑ ሲረዝም ይጨማደዳል፣ ሲጨማደድ ይይዛል። ውጤቱም በተረጨ ሜዳ ላይ 1.66 ሰከንድ፣ ሩብ ማይሉ ደግሞ 8.91 ሰከንድ ሆነ። (የጋቢናው የተሳፋሪ ወንበር በ2018ቱ ላይ ለብቻው የሚታዘዝ ሲሆን ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ ክብደት ለመቀነስ የማይሉት ነገር የለም።)

ይህን የመሰለ ጎማ ሁሉም ሰው ለምን አያስርም? ዝናብ አለና። ጥርሱ ጥቂት የሆነ ጎማ ውሃውን መግፋት ስለማይችል በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ብርድም አይወድም፤ ላስቲኩ ይደርቃል። ቶሎም ያልቃል። ኩባንያው ራሱ ገዢዎቹን ያስጠነቀቀው በዚህ ነው። ክረምት ላይ በታኬታ ፋንታ የአዳራሽ ጫማ አድርጎ ሜዳ እንደመግባት ማለት ነው።

በተራው ጎማስ?

ስለዚህ አብዛኛው የስፖርት መኪና ባለቤት የሚቀረው ከእነ ሚሼሊን ወይም ፒሬሊ የመንገድ ጎማው ጋር ነው። እዚህ ላይ ከፊልም የተወረሰ ብዙ የተሳሳተ ልማድ አለ። ዋነኛው ጎማ ማጨስ ነው። የድራግ ሬስ ጎማ ሲሞቅ ይጣበቃል፤ የመንገድ ጎማ ግን ከልኩ ሲያልፍ ላዩ ቅባት እንደተቀባ ይሆናል። አቧራና ጠጠር ለማራገፍ አንድ ሁለቴ ማሽከርከር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለተመልካች ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ማሽከርከር ደግሞ የባሰ ነው፤ ጥርስ ያለው ጎማ ውሃውን ይዞ ይመጣና መነሻው ላይ ያንጠባጥባል።

ንፋስ መቀነስም እንዲሁ። ጥቂት መቀነስ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን በዛሬዎቹ አጭር ጎን ባላቸው ጎማዎች ላይ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ከበዛ ደግሞ የጎማው መሀል ወደ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ዳርና ዳሩ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ሩብ ማይሉን ሲጨርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር መኪና ንፋስ በጎደለው ጎማ ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ዋናው ነገር ያለው እግር ላይ ነው። ጎማ በጣም የሚይዘው ጭራሽ ሳይንሸራተት ሲቀር አይደለም፤ ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ቀድሞ ሲሽከረከር ነው። ከዚያ ካለፈ ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ስለዚህ በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሰው ሞተሩን አስጩሆ ፍሪሲዮኑን ድንገት ከመልቀቅ ይልቅ በመጠነኛ ዙር ተነስቶ ፍሪሲዮኑን እያሸ ነዳጁን ቢያስከትል ይቀድማል። ክብደቱ ወደ ኋላ እስኪያርፍ ሽርፍራፊ ሰከንድ መስጠት አለበት። ጆሮ የሚያደነቁረው መኪና ሁልጊዜ የሚቀድም ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጸጥ ብሎ የወጣው ነው ፊት የሚገኘው።

ለዚህ ኒሳን ጂቲአር ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ሲገባ አውቶማቲክ የማስነሻ ዘዴው የመረጋጋት መቆጣጠሪያው እንዲጠፋ ይጠይቅ ነበር፤ የዋስትና ወረቀቱ ደግሞ መቆጣጠሪያው ጠፍቶ ለሚደርስ ጉዳት አልከፍልም ይላል። ካምቢዮ የተሰበረባቸው ገዢዎች ተቆጡ፣ ነገሩ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ኩባንያው በኋላ ፕሮግራሙን ቀይሮ መነሻውን በጣም ባነሰ ዙር አደረገው። መኪናው ዘገየ? አልዘገየም። ያ ሁሉ ዙር ጎማው ሊቀበለው የማይችል ትርፍ ጉልበት ነበር፤ ካምቢዮውን ሲሰብር የቆየው ይኸው ትርፍ ነው።

ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ ጎማ የሚያሽከረክረው መኪና እዚህ ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ከፍታን አያውቅም፤ ስለዚህ ክረምት ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ዘይቱን ከአስፋልቱ ላይ ሲያነሳው ጣጣው የሚበረታው በእሱ ጎማ ላይ ነው።

ወደ ዴመን 170 እንመለስ። የአሜሪካው የድራግ ሬስ ማኅበር ኤንኤችአርኤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የተሰሩ የፋብሪካ መኪናዎች ያለ ተጨማሪ የደህንነት ብረት ሩብ ማይሉን እንዲሮጡ የሚፈቅደው ከ9.00 ሰከንድ ካልፈጠኑና ከ150 ማይል ካላለፉ ነው። ዴመን 170 በ8.91 ሰከንድ፣ በ151.17 ማይል ሁለቱንም መስመሮች ለጥቂት አለፈ። ለተረጨ ሜዳ ተብሎ የተሰራው መኪና የብረት መከላከያና ፓራሹት ካልገጠመ የራሱ ሜዳ ላይ በሙሉ አቅሙ እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። ወደ ቤት በሚወስደው፣ ማንም ባልረጨው አስፋልት ላይ ግን ሰሌዳ ለጥፎ መሄድ ይችላል።